ቀባሪ አታሳጣኝ፦ እንግዳ መቼ የሰፈር ሰው ይሆናል?

(ጅማ ከተማ ውስጥ ለወጣቶችና ለእድር አመራሮች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? አካም ኦልተን? ብዙዎቻችሁን ከቡና ላይ እንዳስነሳኋችሁ አውቃለሁ። ጅማ ውስጥ ሰውን ከቡና ላይ ማስነሳት ቀላል ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ወደ ነገሩ ልግባ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ስደተኞች በአዲስ ማኅበረሰብ ውስጥ በማኅበራዊና በባህል ረገድ እንዴት ይዋሃዳሉ» የሚል ነው። የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው። ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ጥያቄው አጭር ነው፤ እንግዳ መቼ የሰፈር ሰው ይሆናል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን አያታችን ጅማ የተወለደው? እጅ አውጡ አልልም፤ ጎረቤት ያያል። (ሳቅ)

ስለ ስደተኛ ሲወራ ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ እሱ ይዞራል። ቋንቋ ለመደ? ምግባቸውን ይበላል? ሕጋቸውን ያከብራል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ተቀባዩን የሚጠይቀው የለም። እኔ ዛሬ ይበልጥ የማወራው ስለ ተቀባዩ ነው። እኛ ሁለቱንም ነንና። ልጃችን ሪያድ ወይም ሚኒሶታ አለች፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ከሌላ ዞን የመጣ ተከራይ አለ። ለልጃችን እዚያ የምንመኝላትን ለተከራዩ እዚህ እንሰጠዋለን ወይ?

ሚልተን ጎርደን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1964 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል። ባህል መልመድ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሰዎቹ ቤት፣ ወደ ማኅበራቸውና ወደ ወዳጅነታቸው መግባት ሌላ ነገር ነው ይላል። የመጀመሪያው ቶሎ ይመጣል። አለባበስ፣ ቋንቋ፣ ሰላምታ፣ ምግብ። ሁለተኛው ግን ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ሰውየው ባህሉን ሙሉ በሙሉ ለምዶ ዕድሜ ልኩን ደጅ ሊቆም ይችላል። ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይከተላል።

እኔ ይህን የምለካው በቀብር ነው። እናቶቻችን ሲጸልዩ «ቀባሪ አታሳጣኝ» ይላሉ። ገንዘብ አታሳጣኝ ከማለታቸው በፊት ነው ይህን የሚሉት። አንድ ሰው አዲስ አገር ገብቷል ወይስ አልገባም ለማለት፣ ነገ ቢሞት ማን ሥራውን ትቶ ይመጣል ብዬ እጠይቃለሁ። የሚበላውና የሚለብሰው ይህን አይነግረኝም።

የቤተ እስራኤሎችን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ነገር እንይ። በ1984 እና 1985 (እ.ኤ.አ.) ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ። ቀጥሎ በግንቦት ወር 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ሲደርሱ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ዜግነት ወዲያው አገኙ። ልጆቹ ዕብራይስጥ ለመዱ፤ ወታደር ሆኑ። ሃይማኖቱም ያው ነው። በ1996 ግን አንድ ጉድ ወጣ። ከኢትዮጵያውያኑ በልገሳ የተወሰደው ደም ኤች.አይ.ቪ. ተፈርቶ በምስጢር ይደፋ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ዜግነት ሰጥተውህ፣ ስም ሰጥተውህ፣ ጠመንጃ አስይዘውህ ደምህን ከደፉት ገና ደጅ ነህ ማለት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የመጡት አልነበረም። የተጠየቁትን ሁሉ አድርገዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ጅማ በእንግዳ የተሠራች ከተማ ናት። ዳግማዊ አባ ጂፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ገዝተዋል። ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ያዙ፤ አገሩም ከጦርነት ተረፈ። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ ነው፤ ገበያው ሂርማታ። የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ሰው ይጠራ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ ጨው ይመጣል ይሄዳል። ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ሰፈር ይዘው ተቀመጡ። ቁርአንና ኪታብ የሚቀራ ደረሳ ደግሞ ከሩቅ ይመጣ ነበር። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.)፣ ከተማዋ የግዛት መቀመጫ ሆና በፕላን ተሠራች። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ያለ ምክንያት አልመጣም። የመንና ግሪክ ነጋዴ፣ ጉራጌ፣ ዳውሮ፣ ካፋ፣ የም፣ አማራ፣ ማን ያልመጣ አለ?

ሁሉም ግን ሸቀጥ ጭኖ አልመጣም። ሂርማታ የባሪያ ገበያም ነበረባት። ከደቡብ ምዕራብ በገመድ ታስሮ የመጣ ሰው ብዙ ነው። እነዚያ ሰዎች ቋንቋውንም ሃይማኖቱንም ለመዱ። የጌታቸውን ጎሳ ስም ይዘው የኖሩም አሉ። ባህል መልመዱ ተጠናቆ ሳለ ጋብቻ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ «ዘሩን አጣሩ» ይላል። ይህን እዚህ ከተማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናወራው ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማለቴ አስቆጥቷችሁ ከሆነ ለውይይቱ አቆዩልኝ።

በኦሮሞ ባህል ሞጋሳ የሚባል ሥርዓት እንዳለ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ጉዲፈቻ አንድን ልጅ የቤተሰብ ልጅ ያደርጋል። ሞጋሳ ደግሞ ከውጭ የመጣን ሰው፣ አንዳንዴ መንደር ሙሉ ሰው፣ በሥነ ሥርዓትና በመሐላ የጎሳ አባል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ መብቱም ግዴታውም እኩል ነው። ጉማ፣ የደም ካሳ ማለት ነው፣ ሲከፈል አብሮ ይከፍላል፤ ለእሱም ይከፈልለታል። ብዙ አገር ለዜግነት ማመልከቻ ቅጽ አለው። ጎረቤቱን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ወንድምህ ነው» ብሎ በአደባባይ የሚያስምል ሥርዓት ያለው አገር ግን ብዙ አይደለም።

ዋጋ ግን ነበረው። በሞጋሳ የገባ ሰው የራሱን ቅድመ አያት ትቶ የጎሳውን ይቆጥራል። ሙሉ አባልነት በአያት ስም ይለወጣል ማለት ነው። ለዚያ ዘመን ምናልባት የሚያስቆጭ ውል አልነበረም፤ ያለ ጎሳ የቆመ ሰው ጠባቂ የለውምና። ለዛሬ ሰው ግን ከባድ ነው። ዛሬ ማንም «አያትህን ተውና ና» ቢባል አይመጣም፤ መጠየቅም የለበትም።

እኔ እድርን የምወደው በዚህ ነው። እድር አያትህን አይጠይቅም። ወርሃዊህን ክፈል፣ ለቅሶ ድረስ፣ ስትቀር ቅጣትህን ክፈል። በቃ። ብዙ አጥኚዎች እድር የተጀመረው ወደ ከተማ በገቡ ስደተኞች፣ በተለይም አዲስ አበባ በመጡ የጉራጌ ሰዎች እንደሆነ ይናገራሉ። ያስኬዳል። የትውልድ መንደሩ ውስጥ ያለ ሰው ቀባሪው የታወቀ ነው። ቀባሪ በመዝገብ የሚያስፈልገው ዘመድ የሌለበት ቦታ የሄደ ሰው ነው።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ነው ጅማ የገባው። ኦሮምኛን የለመደው ገበያ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥር፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ መሐላ። «ወላሂ ከዚህ አይወርድም» ማለትን ከቋንቋው ሰዋስው በፊት ነው ያወቀው። (ሳቅ) ቀልድ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እድር ለመግባት ሲጠይቅ ግን «ገና አናውቅህም» አሉት። ዋስ ያስፈልጋል፤ መግቢያ ያስፈልጋል። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? አባል ሳይሆን ቀብር መሄድ ጀመረ። ድንኳን ሲተከል ካስማ ይመታል፤ ወንበር ይሸከማል፤ አብሮ ያድራል። ቀጥሎ በመጣ ስብሰባ ላይ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ተነሥተው «ይህ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የቀረው ስሙን መጻፍ ብቻ ነው» አሉ። ተጻፈ። እኚያ ጎረቤታችን ባይናገሩ ኖሮ ስንት ዓመት ካስማ ሲመታ እንደሚኖር አላውቅም። አባቴ የድርሻውን ሠርቷል። በሩን የከፈተው ግን ከውስጥ ያለ ሰው ነው።

ደግሞ ይህን ተመልከቱ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ድስት ገብቶ አያውቅም። በሠርግም በለቅሶም ለየብቻ ይሠራል፤ ማንም አይቀየምም። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። «ካልተመሳሰልን አንዋሃድም» የሚሉ ሰዎች ጅማ መጥተው አንድ ለቅሶ ቢውሉ ጥሩ ነበር። ሥጋ ሳይጋሩ ሬሳ የሚሸከሙ ሰዎች ያያሉ።

ይህን ያልኩት ራሳችንን እንድናሞግስ አይደለም። አሁን ወደሚጎረብጠው ልምጣ።

የእድራችሁን መዝገብ ግለጡና ተከራይ ቁጠሩ። ስንት ታገኛላችሁ? የእድር ንብረት ባደገ ቁጥር መግቢያውም ያድጋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ የባንክ ሒሳቡ የጋራ ስለሆነ አዲስ ገቢ የድርሻውን ይክፈል ይባላል። በሒሳብ ልክ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከገጠር መጥታ እንጀራ የምትሸጠው ሴት ግን ያን ገንዘብ ከየት ያመጡታል? ቀባሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ቀባሪ ማግኘት ያልቻለበት ሒሳብ ነው የያዝነው።

ቡና ለቀማው ሲደርስ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጣው ሠራተኛም አለ። ስሙን የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? ተማሪውም ያው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው ከተመሠረተ ወዲህ ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ወጣት ይመጣል። ብዙው ዓመታት ኖሮ ሲሄድ የሚያውቀው ከግቢው በር እስከ መናኸሪያው ያለውን መንገድ ነው። እንግዲህ ዶክተር ሆኖ ከሄደ በኋላ «የጅማ ሰው ደግ ነው» ይላል፤ የማንም ቤት ገብቶ ግን አያውቅም።

ነገሩ ከቋንቋና ከሃይማኖት እንደማይጀምር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ካፋና ኢሉባቦር ጭምር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሰፈረ። ፈቅዶ የመጣ አለ፤ ተገዶ የመጣም አለ። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ ጎጆ ሥራ ተብሎ ታዘዘ። ማንም «እንግዳ ትቀበላለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። በትእዛዝ የሠራኸው ጎጆ ውስጥ የሚገባ ሰው እንግዳህ አይሆንም። የመንግሥት እንግዳ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የእንግድነቱ ዋስ አብሮ ሄደ፤ ብዙ ሰው ተመልሶ ተፈናቀለ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ ከሐረርጌ ወደ ምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወደ ጨዋቃ፣ ሰው ሰፈረ። ከእኛ ብዙም አይርቅም። ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ይህ ሁሉ እያለም መልመዱ ቀላል አልነበረም። ከደጋ የመጣ ሰው ቆላ ወርዶ ወባ ጠበቀው። የምሥራቁ አነጋገርና የምዕራቡ አነጋገር ይለያል፤ ማሽላና ጫት ያሳደገው ገበሬ የዚህን አፈርና ጫካ አያውቀውም። የመሬት ጉዳይ ደግሞ አለ። መሬት ላይ ጥያቄ ካለ «ወንድሜ» መባባሉ ብዙ ርቀት አይወስድም።

አሁን ወደ ውጭ ልሻገር።

ለትምህርት ብዬ ጥቂት ዓመት ጀርመን ኖሬያለሁ። ጀርመኖች በ1961 (እ.ኤ.አ.) ከቱርክ ሠራተኛ ለማምጣት ተስማሙ። ሰዎቹን «እንግዳ ሠራተኛ» አሏቸው። ሠርተው ይሄዳሉ ተብሎ ስለታሰበ ቋንቋ የሚያስተምራቸው መደበኛ ሥርዓት አልተዘረጋም። ሰዎቹ ግን አልሄዱም፤ አገቡ፣ ወለዱ። እዚያ የተወለደ የውጭ ዜጋ ልጅ በመወለዱ ዜግነት የሚያገኝበት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2000 ነው። የመንግሥት የውህደት ኮርስ የተጀመረው በ2005። ከ1961 እስከ 2005 አስሉት። ዛሬ «ቱርኮቹ ለምን አልተዋሃዱም?» ብሎ የሚጠይቅ ጀርመናዊ ሳገኝ እኔ ይህን ሒሳብ ነበር የማነሣው። ደስ የሚለው ብዙ አልነበረም።

ኮርሱ ራሱ ጥሩ ነው። 600 ሰዓት ቋንቋ፣ በላዩ ላይ ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ ትምህርት። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ቋንቋውን ይጨርሳሉ፤ ቆሻሻን በዓይነት ለይቶ መጣል ያውቃሉ፤ እሑድ ቀን ልብስ ማጠቢያ ማሽን አያስጮሁም። ከዚያ በኋላ «ሰው የለም» ይላሉ። ጎረቤት ሰላም ይላል፤ አይገባም አያስገባም። ቡና ለመጠጣት የቀን መቁጠሪያ ይወጣል። እኔ ላይም ደርሷል፤ ብዙ ወር እንዲሁ ነው ያለፈው።

ኋላ ነው የገባኝ። ጀርመኖች ቤታቸው ውስጥ አይደለም የሚተዋወቁት፤ ማኅበር ውስጥ ነው። ፈራይን ይሉታል። የእግር ኳስ፣ የመዝሙር፣ የአትክልት፣ በፈቃደኝነት እሳት የማጥፋት። መዝገብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ አለው። እድር ነው በሉት! አንድ ሐበሻ ልጅ ትንሽ ከተማ ውስጥ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ሆኖ ሳገኘው፣ ከእኔ ጀርመንኛው የከፋ ሆኖ ሳለ የከተማው ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራው ነበር። ውጭ ለምትሄዱ ልጆች የምለው ይህን ነው። የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሂዱ፣ እሱ ስንቅ ነው። ግን አንድ የአገሩ ሰዎች ማኅበር ውስጥም ስማችሁን አጻፉ።

አሜሪካ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከአውሮፕላን ወርዶ አማርኛ ብቻ እያወሩ ሥራ ማግኘት ይቻላል። የመኪና ማቆሚያውም ታክሲውም የሐበሻ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ትልቅ የኦሮሞ ማኅበረሰብ አለ፤ የጅማ ሰው እዚያ ሄዶ ኦሮምኛውን አይረሳም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። መጀመሪያ የሚቀበልህ፣ ሶፋው ላይ የሚያስተኛህ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስይዝህ የአገርህ ሰው ነው። እድርም እዚያ አለ፤ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ የሚወጣው ወጪ ቀላል ስላልሆነ። ችግሩ አንዳንዱ ሰው እዚያው ሶፋ ላይ መቅረቱ ነው። አገር ቤት መሐንዲስ የነበረ ሰው ሃያ ዓመት መኪና አቋሚ ሆኖ፣ ሙያውን የሚያውቅ አንድ አሜሪካዊ ሳይተዋወቅ ጡረታ ይወጣል።

በዚህ መሀል ልጆቹ ያድጋሉ። ልጅ ቋንቋ በወራት ይይዛል። ከዚያ አባቱን ይዞ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ያስተረጉማል። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የምርመራ ውጤት ሲነግራት አስቡት። አባት ሥልጣኑ ይሸረሸራል። በዚያ ላይ ደመወዙ ከሚስቱ ያነሰ እንደሆነ ቤቱ ይናወጣል። ወንዶቻችን አገር በመልመድ ከሴቶቻችን የሚዘገዩት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የሚያጡት ክብር ስላለ። ሴቷ የምታጣው ያን ያህል የለም።

ጆን ቤሪ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። የራሱን ባህል ይዞ የአዲሱንም የሚይዝ ሰው ከሌሎቹ የተሻለ ይሆናል ይላል። አንድ ነገር ግን ይጨምራል፤ ይህ የሚሆነው ተቀባዩ ኅብረተሰብ ከፈቀደ ነው። ልጅህ ኦሮምኛም እንግሊዝኛም ቢያውቅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በስሙ ከተሳቀበት አንዱን ይጥላል። የሚጥለው ደግሞ የአንተን ነው።

የዓረብ አገሩን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለሚከብደኝ ነው።

ከጅማ ዞን ስንት ልጃገረድ እንደሄደች ከእኔ ይልቅ እዚህ ያላችሁ እናቶች ታውቃላችሁ። እስቲ በባህል ሚዛን እንያት። ሃይማኖቷ ከአሠሪዎቿ ጋር አንድ ነው። ዓረብኛ በጥቂት ወር ትለምዳለች። ከብሳ የሚሉትን የሩዝ ምግባቸውን ትሠራለች፤ ልጃቸውን ታሳድጋለች፤ የቤቱን ምስጢር ታውቃለች። ጀርመን ካለው ልጅ ይልቅ ባህሉ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። አሠሪዎቿ ቤት ውስጥ ነው የምትተኛው! ግን ደጅ ናት። ከፋላ በሚባለው፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ዜግነት የሚባለው አይታሰብም። ሥርዓቱ ሲሠራ እሷን ለማስገባት ታስቦ አልተሠራም። ስለዚህ «አልተዋሃደችም» ብሎ እሷን መውቀስ ግፍ ነው።

እሷም ትመለሳለች። ከኅዳር 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ቦሌ ወርደው ወደየመጡበት ሄዱ። ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ልጆችም ነበሩ። ሰፈር ስትገባ ምን ተባለች? «እንኳን በሰላም መጣሽ» ተባለ፤ በሳምንቱ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ተባለ። ቴሌቪዥኑ በእሷ ብር የተገዛ ነው። የወንድሟ ባጃጅ በእሷ ብር ነው። የራሷ የሚባል ግን አንድ ክፍል የለም። እኩዮቿ አግብተዋል። ስታወራ ዓረብኛ ጣል ስታደርግ ይሳቅባታል። ስለ ደረሰባት ነገር ብትናገር አግቢ ታጣለች። አንድ ሰው በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ሲሆን አይቼ አላውቅም የሚል ካለ፣ ወደ ሂርማታ ወረድ ብሎ ከአንዷ ተመላሽ ጋር ቡና ይጠጣ። ብዙዎቹ ተመልሰው የሄዱት ለብር ብቻ አይመስለኝም።

ንግግሬ ይኸው ነበር። ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንድ የእድር ዳኛ፣ አባት ናቸው፣ ተነሥተው እንዲህ አሉ። «ተከራይ እንቀበል ትላለህ። ሦስት ወር ከፍሎ ለቅሶ ከወጣለት በኋላ ቤት ለቆ ይጠፋል። የሌላው ሰው ገንዘብ ነው። ምን እናድርግ?» ጥያቄያቸው እውነት ነው፤ እድር በስሜት አይመራም። እኔ ያልኳቸው ይህ ነው። አባቴ፣ ሙሉ አባል አድርጉት አላልኩም። መግቢያውን በየወሩ ከፋፍላችሁ አስከፍሉት። እስኪጨርስ ድረስ የገንዘብ እርዳታውን ቀንሱ፤ ድንኳኑንና ሰዉን ግን አትከልክሉት። ቤት ቢቀይርም ከተማው ውስጥ እስካለ አባልነቱ አይውደቅ። እሳቸውም «ጸሐፊያችን ይህን ሲሰማ ሥራ ሊለቅ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንደሚያደርጉት ግን ተናግረዋል።

ሁለተኛዋ ወጣት ናት። ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ነው፣ የጉዞ ወረቀቴ ተሠርቶ ሊያልቅ ነው አለች። «በሩ ዝግ ነው ካልክ እኔ ምን ላድርግ? አትሂጂ ልትለኝ ነው?»

አይ እህቴ፣ አትሂጂ የማለት መብት የለኝም። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ሂጂ። ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ያልገባሽን የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ። የፓስፖርትሽንና የውሉን ፎቶ ለእናትሽም፣ ለአንድ ለምታምኛት ጓደኛሽም ላኪ፤ ስልክሽ ሊወሰድ ይችላል። የኤምባሲውን ቁጥር በቃልሽ ያዢ። ከመሄድሽ በፊት በራስሽ ስም ደብተር ክፈቺ፤ ከደመወዝሽ መጀመሪያ እዚያ ይግባ፤ የወንድምሽ ባጃጅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ሌሎቹን እህቶችሽን ፈልጊ። ቤይሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የሚል ማኅበር አቋቁመው፣ ደመወዝ የተከለከለችውንም ከቤት የተባረረችውንም ይረዳሉ። ማንም በር አልከፈተላቸውም፤ ራሳቸው ሠሩ። ዕረፍት ባይሰጡሽ እንኳ በስልክ የሚያውቁሽ አምስት ሴቶች ይኑሩሽ፤ ሁለት ቀን ድምፅሽ ሲጠፋ «የት ገባች?» የሚሉ።